በኮምፓስ የተጫረ ኤክስ

ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ልትቀይር ስትል ዕቃ ላግዛት ሄድኩ። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወረደ፤ ክዳኑ ስለዛገ በቢላ ካልሆነ አልከፈት አለ። ውስጡ የስድስተኛ ክፍል ካርዴ፣ ቀለሙ የደረቀ እስክሪብቶና ከክፍል ልጆች ጋር የተነሳነው ፎቶ ነበሩ። ከሥር ደግሞ አንድ ግራጫ የጌም ካሴት። መጠኑ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ሰፋ ይላል። አነሳሁትና ሳላስበው ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በኮምፓስ ጫፍ የተጫረ ኤክስ አለ። አንደኛው መስመር ጠለቅ ያለ ነው፤ ሁለተኛው እጄ ስለተንቀጠቀጠ ጠመም ብሏል።

"ይሄ ይጣላል?" አለችኝ እናቴ፣ የቆሻሻውን ፌስታል አፍ ከፍታ ይዛ።

"አይጣልም" አልኩና ኪሴ ከተትኩት። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። እናቴ ምኑንም አታውቅም፤ እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ።

ልጅ እያለሁ ቦሌ ሲሚንቶ ሲሚንቶ ነበር የሚሸተው። ሚሊኒየሙ ሊገባ ዓመት ከምናምን ሲቀረው ነው። ዘንድሮ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ብቻ የነበረበት ቦታ፣ ከርሞ ስናልፍ መስታወት ለብሶ ፀሐይዋን ዓይናችን ላይ ይመልስብን ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነጭ ካልሲያችን ቡናማ ሆኖ ቤት ይደርሳል፤ እናቶቻችንም በየቀኑ እንደ አዲስ ይቆጡናል። ሁሉም ሰው አንድ ነገር እያሠራ፣ አንድ ነገር እያስመጣ ነበር። ክፍላችን ውስጥ የነጋዴ ልጅ አለ፣ የሆስተስ ልጅ አለ፣ እንደኔ አባቱ ኤርፖርት ካርጎ የሚሠራ አለ። ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ቀድሞ እኛ ሰፈር የሚያርፍ ይመስለን ነበር።

ከመጣውም ነገር ሁሉ እኛን ያሳበደን በእጅ የሚያዘው ጌም ነው። በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩ ሲያልቅ እንነክሰዋለን፣ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ለአምስት ደቂቃ ነፍስ ይዘራልናል። ካሴቱ አልሠራ ሲል አፉን እፍ እንላለን። ዛሬም የሞቀ ፕላስቲክ ሲሸተኝ፣ የምሳ ዕቃ ፓስታና የልጅ ትንፋሽ አብሮ ይመጣብኛል።

አዲስ ካሴት የነበረው ልጅ አላስታውስም። ሁላችንም ዘንድ የነበረው ሌላ አገር ልጅ የጠገበው፣ ያገለገለ ነው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ በረጅሙ ዕረፍት ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ተሰብስበን እንቀያየራለን፤ የኔን ትወስዳለህ፣ ያንተን እወስዳለሁ፣ ሰኞ እንመላለሳለን። ይህ ደስታችን ሊበላሽ የደረሰው ፎርጅዱ ሲገባ ነው። ሥዕሉ ያው፣ ስሙ ያው፤ ቤት ወስደህ ስትከፍተው ግን መሃል ላይ ይቆማል፣ ወይም ያደረስክበትን ሴቭ አያደርግም። በዚህ የተነሳ ሁለት ልጆች ተደባደቡ። ከዚያ በኋላ ካሴት ሁሉ ከመቀያየሩ በፊት እኔ እንድመረምረው ተስማማን።

ለምን እኔ? ዓይኔ ጥሩ ነበር፤ አፌም ትንሽ አልነበረም። ናቲ የሚባል የሆስተስ ልጅ ነበር፣ የኦርጅናሉን ምልክቶች ያሳየኝ እሱ ነው። የኦርጅናሉን የፊት ወረቀት ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት፣ ተጭኖ የገባ ትንሽ ቁጥር ይታያል፤ ፎርጅዱ ባዶ ነው። የኦርጅናሉ ብሎን ሦስት እግር አለው፤ የፎርጅዱ ተራ የመስቀል ብሎን ነው። በአፉ በኩል ስታዩት የኦርጅናሉ ጥርሶች ወርቅማና እኩል ናቸው፤ ፎርጅዱ ውስጥ ሬንጅ ጠብ ያለበት የሚመስል ጥቁር ነገር አለ። እኔ ይህን ሁሉ አስፋፍቼ፣ መዘንኩ አሸተትኩ እያልኩ ትርዒት አደረግሁት። ልጆቹም "ላብራቶሪ" የሚል ስም አወጡልኝ። ቤዛ በሚለው የገዛ ስሜ መምህራን ብቻ ነበሩ የሚጠሩኝ።

ፎርጅድ ነው ካልኩ ደግሞ ሥርዓት ነበረን። ባለቤቱ ካሴቱን በሁለት እጁ አጥብቆ ይይዛል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ በኮምፓሴ ሹል ጫፍ ጀርባው ላይ ኤክስ እጭራለሁ። ያ ካሴት ከዚያ ወዲያ ከታንከሩ ጀርባ ቦታ የለውም። ለምን ባለቤቱ እንደሚይዘው አላውቅም። ምናልባት አልተቃወምኩም ማለቱ ይሆናል። ዛሬ ሳስበው ጭካኔ ነው፤ ያኔ ግን ፍርድ ቤት የቆምን ነበር የሚመስለን።

የራሴ ካሴት "ጀልባው" ነበር። ጌሞቹን በሥዕላቸው ነው የምንጠራቸው። አንድ ልጅ በትንሽ ጀልባ ከደሴት ደሴት እየዞረ የጠፋ ወንድሙን ይፈልጋል። አባቴ ሁለት ወር ሙሉ ፈረቃ ደርቦ እየሠራ ቤት ውስጥ የምናየው ተኝቶ ብቻ በሆነበት ጊዜ፣ አንድ እሑድ ጠዋት ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ።

"ከዱባይ ነው ያስመጣሁልሽ" አለኝ። ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ ነበር፤ እየሳቀ ነበር።

ጀልባው አንድ ችግር ነበረበት፤ አያስታውስም። የፈለግሁትን ያህል ደሴት ብሻገር፣ ካጠፋሁት እንደገና ከመጀመሪያው ወደብ ነው የሚነሳው። ለልጆቹ "እኔ ከመጀመሪያ መጫወት ነው ደስ የሚለኝ" እላለሁ። የፊቱንም ወረቀት አንድ ጊዜ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጌው ነበር። ቁጥር አላየሁም። የዱባይ ይሆናላ፣ የዱባዩ እንዲህ ነው የሚመጣው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሁለተኛ አላዘነበልኩትም። ብሎኑን የሸፈነ ተለጣፊ ኮከብ ደግሞ ራሴ ለጥፌበታለሁ፣ ለጌጥ ብዬ።

ኩማ የመጣብን ያን ዓመት ነው። ቤታቸው ቡልቡላ ነበር፤ ያኔ ቡልቡላ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበት፣ ከአውሮፕላን ማኮብኮቢያው ማዶ ያለ ገጠር ነው። አባቱ አራሽ ናቸው። መሬቱ ሊለካ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ሊሠራበት ነው እየተባለ ይወራል። ኩማ አማርኛውን ረጋ አድርጎ፣ ቃሉን መርጦ ስለሚናገር አንዳንዶች "ፋራ" እያሉ ይስቁበት ነበር። ሙሉውን ሴሚስተር ዓርብ ዓርብ ከታንከሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ያየናል። ካሴት የሌለው አይገባም፤ ሕጋችን ነበር። ማንም ና አላለውም፤ እኔም አላልኩትም።

አንድ ዓርብ ግን ቀጥ ብሎ መጣና ከደረት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጀልባው ነው።

"እህቴ ሌንሳ ናት የሰጠችኝ" አለ። "አውሮፕላን ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። አንዷ ሆስተስ ልጄ አድጓል ብላ ከነማጫወቻው ሰጠቻት። ላብራቶሪ እይልኝ።"

ተቀበልኩት። ያን ደቂቃ ዛሬም ጣቴ ያስታውሰዋል። ከኔ ካሴት ይከብዳል። ወደ ፀሐይ ሳዘነብለው ቁጥሯ ጥርት ብላ ወጣች። ብሎኑ ሦስት እግር አለው። ጥርሶቹ ወርቅ ናቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ኦርጅናል ይዤ አላውቅም። ኦርጅናል ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

"ያንቺም ጀልባው አይደል?" አለ ናቲ ቀድሞኝ። "እስቲ ጎን ለጎን እንያቸው።"

እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። የኔን አውጥቼ ሲሚንቶው ላይ ከኩማ ካሴት አጠገብ አስቀመጥኩት። የኩማ ባሕር ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ የኔ ባሕር አረንጓዴ ሊሆን ምንም አልቀረው። የኩማ ጀልባ ገመዷ ሳይቀር ይታያል፤ የኔዋ ዳርዳሯ የተላቆጠ ነው። ልጅ ሁሉ አየው።

"አይመሳሰሉም!" አለ አንዱ። "ከሁለት አንዱ ፎርጅድ ነው።"

ከዚያ ሁሉም ቀና ብለው እኔን አዩኝ። የትኛው እንደሆነ አውቅ ነበር። ልጅ ስለነበርኩ አላወቅሁም ብዬ ራሴን ልሸነግል ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ውሸት ነው። አባቴ የቀላ ዓይኑን ይዞ ሲስቅ ታየኝ። ላብራቶሪዋ ራሷ ፎርጅድ ይዛ ስትዞር ነበር ተብሎ ሲሳቅብኝም ታየኝ። የትኛው ቀድሞ እንደመጣ ለመናገር ያሳፍረኛል፤ ሁለተኛው ነው የቀደመው።

"የኩማ ነው" አልኩ። "ፎርጅዶች ሆን ብለው ቀለም ያጠቁራሉ። ክብደቱም ከልክ ያለፈ ነው።"

አንድም ልጅ አልተጠራጠረኝም። ከሁሉም ያላመነታው ደግሞ ኩማ ነው። "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ፣ ግን እንደመከራከር አይደለም፤ ሰው ሐኪም እንደሚጠይቀው ነው። አዎ አልኩት። ሥርዓታችንን ከሩቅ ሆኖ ሲያይ ስለከረመ ማንም ሳይነግረው ካሴቱን በሁለት እጁ ያዘና ወደኔ ዘረጋው። ኮምፓሴን አወጣሁ። የመጀመሪያውን መስመር በኃይል ጫርኩት፤ ሁለተኛው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ። የሱ እጅ አልተንቀሳቀሰም።

ነጩን ፍርፋሪ በአውራ ጣቱ ጠረገው። "ሌንሳን ሸውደዋታል ማለት ነው" አለ፤ ስለራሱ ምንም አላለም። በመሐረቡ ጠቅልሎ፣ ደረት ኪሱ ከትቶ፣ ወደነበረበት ወደ ሩቁ ቦታ ተመለሰ።

ቅዳሜና እሑድ ምግብ አልበላ እንዳለኝ አለፉ። እናቴ ትኩሳት አለሽ ብላ ግንባሬን ስትዳብስ ልነግራት ነበር፤ አልነገርኳትም። አባቴን ግን ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ ጀልባው ኦርጅናል ነው አይደል?"

"እንዴታ! ዱባይ ፎርጅድ አለ እንዴ?" አለና ጸጉሬን አሸት አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ኩማ ትምህርት ቤቱ ደጅ ጠበቀኝ። ሊጮህብኝ የመጣ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እንዲጮህብኝም ፈለግሁ። እሱ ግን ካሴቱን ከነመሐረቡ ሰጠኝ።

"ለሌንሳ ነገርኳት" አለኝ። "አለቀሰች። ይቅርታ አድርግልኝ፣ አላወቅሁም ነው ያለችኝ። ይሄ አንቺ ጋ ይሁን። ፎርጅድ ምን እንደሚመስል ለልጆቹ ታሳዪበታለሽ።"

ተቀበልኩት። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እስከ ዛሬ አንገቴን የሚያስደፋኝ ይሄ ነው። ዓርብ ዕለት የዋሸሁት ድንገት ተይዤ ነው ልበል፤ ሰኞ ግን ማንም አላየኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም፤ "ኩማ፣ ተሳስቻለሁ" ለማለት የሚያስፈልገው አንድ ትንፋሽ ነበር። እኔ ግን "እሺ" ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማታ ክፍሌን ዘግቼ አጫወትኩት። ሲከፈት KUMA የሚል ስም ወጣ፣ ሦስተኛው ደሴት ላይ። እሱ በሄደበት ቦታ፣ እሱ በሰበሰባቸው ዛጎሎች። ያን አልነካሁትም። ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ የራሴን ስም ጻፍኩና ጀመርኩ፤ አጥፍቼ ስከፍተው ያቆምኩበት ቦታ ቆሞ ጠበቀኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በዚያ ደስታዬ ነው ከምንም በላይ የማፍረው። ፎርጅድ ብዬ ያስወጣሁትን ጌም በድብቅ እስከ መጨረሻው ደሴት ተጫወትኩት። ጀልበኛው ልጅ ወንድሙን ሲያገኝ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ እንኳ አላውቅም።

በሁለተኛው ሴሚስተር መሃል የኩማ ወንበር ባዶ ሆነ። መሬታቸው ተለክቶ፣ ቤታቸው ፈርሶ፣ ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ ተባለ። እኔም ላብራቶሪነቴን ተውኩት። ልጆቹ ሲጠይቁኝ ዓይኔን ያመኛል አልኳቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁሉም ስልክ ያዘና ከታንከሩ ጀርባ የሚሰበሰብ ሰው ጠፋ።

እንግዲህ ያ ካሴት ነው ባለፈው ክረምት ኪሴ የገባው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አባቴ በረንዳው ላይ ካርቶን ሲያስር አሳየሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጆሮው ትንሽ ከብዷል፤ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ገመዱን አስቀመጠ።

"ልጄ" አለኝ፣ "እኔ እኮ ያንቺን ካሴት እዚሁ አትላስ አካባቢ ካለ ሱቅ ነው የገዛሁት። ዱባይ ያልኩሽ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው። ፎርጅድ ነው ብትዪኝ እኮ ሄጄ እመልስላቸው ነበር።"

ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ያጠፋሁት የአባቴን ስጦታ ላለማስነካት ነው እያልኩ በዚያ ስጽናና ኖሬያለሁ። ያ መጽናኛም ከእጄ ወጣ።

ኩማን መፈለግ ጀመርኩ። ከድሮ ልጆች አንዷ የሌንሳን ቦታ ታውቅ ነበር፤ ቡልቡላ ተመልሳ መጥታ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄድኩ። ታክሲው ውስጥ ሆኜ ሽምብራው የነበረበትን ቦታ ለመገመት ሞከርኩ፤ ልብስ የተሰጣባቸው በረንዳዎች ብቻ ናቸው የሚታዩት። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ በእናቱ ስልክ ጌም ይጫወት ነበር። የሚገለበጥ ካሴት የለ፣ እፍ የሚባል ነገር የለ፤ ሲሰለቸው በአንድ ጣቱ አጥፍቶ ሌላ ከፈተ። ቀናሁበት። ያን ልጅ ኮምፓስ የያዘች የክፍል ጓደኛ አትጠብቀውም።

ሌንሳን ሳያት ኩማን ያየሁ መሰለኝ፤ ግንባራቸው አንድ ነው። አርባዎቹ ውስጥ የገባች፣ አንገቷ ላይ ሜትር ያንጠለጠለች ሴት ናት። "እርስዎ" ብዬ ብጀምር "ኧረ አንቺ በይኝ፣ ተቀመጪ" ብላ ወንበር ሳበችልኝ። የኩማ የክፍል ጓደኛ ነበርኩ ስላት ፊቷ በራ።

"ውይ፣ ያ ትምህርት ቤት! አንድ ጊዜ ጌም ሰጥቼው ነበር፤ ከሥራ ያገኘሁት የመጀመሪያ ስጦታዬ ነው። ፎርጅድ ሆኖ ተገኘና አሳፈርኩት።" የስፌት መኪናዋን አቆመች። "ታውቂያለሽ፣ ኩማ ከዚያ ወዲህ የሰጠሁትን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚያየው። ለሠርጉ ሰዓት ገዛሁለት፤ ገና ሳያመሰግነኝ ጀርባውን አየ። ክፋት አይደለም፣ ልማድ ሆኖበት ነው። እኔም ዕቃ ስገዛለት እጄ ይፈራል።"

ካሴቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።

"ይሄ ነው" አልኳት። "ኦርጅናል ነው፣ ሌንሳ። ያኔም ኦርጅናል ነበር።"

ገለበጠችው። በአውራ ጣቷ ኤክሱን ዳሰሰችው፤ ጥልቁን መስመር፣ ቀጥሎ ጠማማውን።

"ማነው እንዲህ የሞነጨረው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ደጅ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ከላያችን አውሮፕላን ሲያርፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። መስደብ የምትፈልግ ትመስል ነበር፤ ማልቀስም። በመጨረሻ ስልኳን አነሳችና ደወለች። ሲጠራ ወደኔ ዘረጋችው።

"ለኔ አይደለም" አለችኝ። "ለሱ ንገሪው።"

"ሄሎ፣ ሌንሳ?" አለ አንድ ጎልማሳ ድምፅ። አሁንም ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው።

"ሌንሳ አይደለሁም" አልኩ። ስሜን ልነግረው አስቤ ነበር፤ ያወጣሁት ግን ሌላውን ነው። "ላብራቶሪ ነኝ።"

የሳቁ ነገር! ስልኩን ከጆሮዬ እስካርቅ ድረስ ሳቀ። "ላብራቶሪ! በሕይወት አለሽ? እኔ እኮ ያስተማርሽኝን አልረሳሁም፤ ዕቃ ስገዛ ማንም አይሸውደኝም።" እንዲህ አለኝ በደስታ፣ ከልቡ፣ እንደ ድሮው እያመነኝ። "አሁንም ትለያለሽ?"

ሌንሳ ካሴቱን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች።

"ኩማ" አልኩት፣ "ያኔም ለይቼው ነበር።"